ደሞዛችን ከ20 ቀን አላልፍ አለ፤ እናንተ እንዴት ነው የምትኖሩት?

የናሆም አባት (ጀሞ)
ጥቅምት 11 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ ነው። እኔ በአንድ የግል ድርጅት ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። ባለቤቴ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሉን። ናሆም 8 ዓመቱ ነው፣ እህቱ 3። የሁለታችን ደሞዝ ተደምሮ እጃችን የሚገባው 22,400 ብር ነው።

ከዚህ ውስጥ 8,000ው ኪራይ ነው። አንድ ክፍል ከትንሽ ማብሰያ ጋር፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። የናሆም ትምህርት ቤት በወር 2,300። ትንሿን ቀን ቀን የምትይዝልን ጎረቤት 2,000። የሁለታችን ታክሲ 2,600 አካባቢ። መብራት 600፤ ቆጣሪው የአከራያችን ነው፣ ለ4 ተከራይ ይካፈላል። የሚተርፈው 6,900 ብር ነው። ምግቡም፣ ሳሙናውም፣ መድኃኒቱም፣ ለቅሶውም፣ ክርስትናውም በእሱ ነው።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ሁሉ ነገር እንደጨመረ አውቃለሁ። የሁላችንም ችግር ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ገንዘቡ የት እንደሚገባ አለማወቄ ነው። ባለቤቴ አባካኝ አይደለችም። እኔ አልጠጣም፣ ጫትም አልቅምም። ወሩ 20 ቀን ሲሞላው እጃችን ባዶ ነው። ከዚያ ከታች ካለው ሱቅ በዱቤ። ባለፈው ወር ደብተሩ ላይ 3,840 ብር ደረሰ። ደሞዝ ሲወጣ መጀመሪያ የምከፍለው እሱን ነው። አዲሱ ወር ሳይጀምር ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት የናሆም ጫማ ተቀዶ አየሁ። መቼ እንደተቀደደ ስጠይቀው «ቆይቷል አባዬ፣ ደሞዝ እስኪወጣ ብዬ ነው» አለኝ። 8 ዓመቱ ነው። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እባካችሁ ሥጋ ቀንሱ አትበሉኝ። ሥጋ የምንገዛው ለበዓል ነው። ቤታችሁ ውስጥ በተግባር የምታደርጉትን ንገሩኝ።

*

ቤቲ ከሀያት
ጥቅምት 11

ወንድሜ አይዞህ። ብቻህን አይደለህም።

እኔ ሁለት ነገር ልበል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች ከጉሊት በመደብ አትግዙ። እሁድ ገበያ ሂዱ። ጀሞ አካባቢም አይጠፋም። እኔ ከሰዓት በኋላ፣ ሊበተን ሲል ነው የምሄደው። ሻጮቹ ጭነው መመለስ ስለማይፈልጉ ይቀንሳሉ። ለሳምንት የሚሆነኝን አንዴ እይዛለሁ። ሌላው ታክሲ ነው። ጠዋት 30 ደቂቃ ቀድሜ ወጥቼ በከተማ አውቶብስ መሄድ ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። ይደክማል፣ አልዋሽህም። ግን የታክሲ ወጪዬ ከግማሽ በታች ወርዷል።

*

እትዬ ከኮልፌ
ጥቅምት 12

ልጄ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፣ እኔ እየነገርኩት። ባለቤቴ ሲያርፍ 4 ልጆች ነበሩኝ፤ የመጨረሻው 2 ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ጽዳት ሠርቼ ነው ያሳደግኳቸው። ስለ ናሆም ጫማ የጻፍከውን ሲያነብልኝ አለቀስኩ። የእኔም ልጅ እንዲሁ ብላኝ ታውቃለች።

መጀመሪያ የዱቤ ደብተሩን አምጣና ተቀምጠህ አንብበው። ክፈለው አላልኩህም፣ አንብበው። እኔ አንድ ቀን ትልቋ ልጄን አስነበብኳት። በርበሬ በማንኪያ። ዘይት በትንሿ ጠርሙስ። ስኳር ሩብ ኪሎ። ከሰል በፌስታል። ሳሙና አንድ ፍሬ። ሽሮ በብርጭቆ። ገጹ ሙሉ እንዲህ ነው። ልጄ ደመረችው። በወር ውስጥ በማንኪያ የገዛሁት በርበሬ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ የከፈልኩት ግን ለሁለት ኪሎ የሚሆን ነው። ባለሱቁን አልወቅሰውም። እሱም ልጆች አሉት፣ ወር ሙሉ አምኖ አበድሮኛል። ግን ልጆቼ መብላት የነበረባቸው እዚያች ማንኪያ ላይ እየቀረ ነበር።

ታዲያ ሁሉን በአንዴ ልተው ብትል አትችልም። እኔ በየወሩ አንድ ነገር ብቻ ከደብተሩ አወጣሁ። በመጀመሪያው ወር ደሞዝ እንደተቀበልኩ ወደ ቤት ሳልገባ ባለ 5 ሊትር ዘይት ከሸማቾች ገዛሁ። ያን ወር ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው በዱቤ ነበር። ዘይት ግን ደብተሩ ላይ የለም። በሁለተኛው ወር ሳሙናና ስኳር። በሦስተኛው ሽሮ። እንዲህ እያልኩ በ7ኛው ወር ደብተሩን ለባለሱቁ መለስኩለት። ዛሬም ወዳጄ ነው።

ሽሮውን እቤት አዘጋጁት። ሽምብራና አተር፣ ባቄላም ብትጨምሩ ጥሩ ነው። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይከካል፣ ይበጠራል። ከበርበሬና ከቅመም ጋር ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ሁለት ቅዳሜ ይፈጃል። ለ4 ወር ያበላል።

ጤፍ ላይ ልምከርህ። በክረምት ጤፍ አትግዛ፣ ያኔ እህሉ ያለቀበት ወቅት ነው። አዲሱ ምርት ተወቅቶ የሚገባው ከታህሳስ ጀምሮ ነው። ጥር ላይ ገበያው ረገብ ይላል። ጤፍ ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ቅንጣቱ ትንሽ ነው። ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ ካስቀመጥከው ዓመቱን ይቆያል። ሽምብራና ማሽላ እንደዚያ አይደሉም፣ ይነቅዛሉ። ማኛ ካልሆነ አትበል። ሰርገኛ ግዛ። እኔ ሦስት እጅ ሰርገኛ፣ አንድ እጅ ነጭ ማሽላ አስፈጫለሁ። እንጀራው ያምራል። ልጆቹ ለይተው አያውቁትም።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ትለኛለህ። እኛ የሰፈር ሴቶች ዕቁብ አለን። 10 ነን። ከሰኔ እስከ ታህሳስ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እናስቀምጣለን። ለብቻ ለእህል ነው፣ ለሌላ አይነካም፣ ዕጣም የለውም። ጥር ላይ ሁለት ሦስታችን እህል በረንዳ እንሄዳለን። ለሁላችንም አንድ ላይ ስለምንገዛ ነጋዴው ይቀንስልናል። መኪናውን ተካፍለን እንከፍላለን።

እንጀራ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የምጋግረው፣ ረቡዕና ቅዳሜ። ምጣዱ እስኪግል ብቻ ብዙ መብራት ይበላል። አንዴ ከጋለ ሊጡን ሁሉ መጨረስ ነው። የተረፈና የደረቀ እንጀራ አልጥልም፣ ድርቆሽ ነው። ለልጆቹ መክሰስ ብስኩት አትግዛ። ገብስ ቆልተህ አስፈጭ፣ በሶ ይጠጡ። ያጠግባል።

እድርህን ግን እንዳታቋርጥ። ቢቸግርህም እንዳታቋርጥ። ባለቤቴ የሞተ ዕለት ቤቴ ውስጥ 30 ብር አልነበረም። ድንኳኑን የተከለው፣ ለቀስተኛውን ያበላው እድሩ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የቤቱን ገንዘብ የሚይዘው ማነው?

*

የናሆም አባት (ጀሞ)
ጥቅምት 12

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ሳነብላት ቁጭ ብላ ነው የሰማችው።

ገንዘቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ደሞዟን ትሰጠኛለች፣ ኪራዩንና ትምህርት ቤቱን እኔ እከፍላለሁ። ለአስቤዛ በየቀኑ ጠዋት 150 ወይም 200 ብር እሰጣታለሁ። በአንዴ ከሰጠሁ ቶሎ ያልቃል ብዬ ነው።

*

እትዬ ከኮልፌ
ጥቅምት 13

ልጄ፣ በክፉ አትውሰድብኝ። 150 ብር የያዘች ሴት 5 ሊትር ዘይት መግዛት አትችልም። ኩንታል ቀርቶ 5 ኪሎ ሽንኩርት አትገዛም። በማንኪያ እንድትገዛ ያደረካት አንተ ነህ። አውቀህ አይደለም፣ ቤትህን ልትጠብቅ ብለህ ነው። የእኔም ባል እንደዚያ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ገንዘብ በእጄ ገብቶ የወር አስቤዛ መግዛት የተማርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። አንተ በሕይወት እያለህ አድርገው። ደሞዝ የወጣ ማታ ብሩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉትና ሁለታችሁም እያያችሁ ከፋፍሉት። የአስቤዛውን ለእሷ ስጣት፣ ሙሉውን።

*

ተከራይ ነኝ
ጥቅምት 13

የእትዬን ምክር በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። እኔ ስለ ኪራዩና ስለ መብራቱ ልጨምር።

ውላችሁ ወረዳ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ አስመዝግቡ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። አከራይ በፈለገ ሰዓት መጨመር አይችልም፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፣ መጠኑንም የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በአንድ ዓመት ሁለቴ ተጨምሮብኛል።

መብራቱ ላይ ደግሞ ታሪፉ በአጠቃቀም ነው። ቆጣሪው ብዙ በቆጠረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። 4 ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ስትጠቀሙ ሁላችሁም በውዱ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ቆጣሪ መለየት ባይቻል እንኳ ለየክፍሉ ትንሽ መቁጠሪያ አስገቡ፤ እያንዳንዱ የተጠቀመውን ይክፈል። እኛ ያስገባነው ተከራዮቹ አዋጥተን ነው። ቀን ቀን ምድጃ ስትለኩስ የነበረች ጎረቤታችን ካስገባን በኋላ ተወችው፤ ሂሳቡም ቀነሰልን።

*

መምህርት ከሳሪስ
ጥቅምት 14

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። 2,300 ብሩን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንድሜ፣ ለሚቀጥለው ዓመት አስቡበት። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይበላሉ። ደንብ ልብስና ደብተርም ይሰጣል። ክፍል ውስጥ ተማሪው ብዙ ነው፣ አልክድም። የእኔ ክፍል 50 ያልፋል። ማታ ማታ ደብተሩን የሚያይለት ወላጅ ያለው ልጅ ግን ወደ ኋላ አይቀርም። ባለፈው ዓመት ከግል የመጣ ተማሪዬ ነበር። እናቱ መጀመሪያ አፍራ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር ያስመዘገበችው። ልጇ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት 3ኛ ወጣ። ትምህርት ቤቱን ሄዳችሁ ሳታዩ ግን አትወስኑ። መምህራኑን አነጋግሩ፣ ሽንት ቤቱንም እዩ።

*

ዳዊት ሜክሲኮ
ጥቅምት 14

ዕቁብ ጥሩ ነው፣ ግን ወንድሜ ተጠንቀቅ። እኔ ዋስ ሳይኖር በስልክ ብቻ የተሰበሰበ ዕቁብ ገብቼ 18,000 ብር ቀልጦብኛል። ቀድሞ የደረሰው ሰው ስልኩን ዘጋ፣ አበቃ። ለሚስቴ ሳልነግራት 3 ወር ተሸክሜዋለሁ። እንደ እትዬ ያለ፣ ቤቱን የምታውቀው የሰፈር ሰው ካልሆነ አትግባ። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ፣ ዋሱ ማን እንደሆነ ጠይቅ። ብሩም ሰው ኪስ ውስጥ ሳይሆን በሁለት ሰው ፊርማ ባንክ ይቀመጥ።

*

የናሆም አባት (ጀሞ)
ጥር 14 ቀን 2018

ሰላም። 3 ወር ሆነኝ። ምን እንደደረሰ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እትዬ፣ በጥቅምት መጨረሻ ደሞዙን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ከፋፈልነው። የአስቤዛውን ለባለቤቴ ሰጠኋት። እውነቱን ለመናገር እጄ ተንቀጥቅጧል። እሷ በዚያው ቅዳሜና እሁድ ዘይቱን ከሸማቾች፣ ሽንኩርቱን ከእሁድ ገበያ አመጣች። እንዲያም ሆኖ ወሩ በ24ኛው ቀን አለቀብን። እኔ በ20ኛው ነበር የምጨርሰው። ኅዳር ላይ ሳሙናና ስኳር ከደብተሩ ወጡ። ታህሳስ ላይ ትንሿ ታመመች፣ መድኃኒቱ 1,400 ብር ፈጀና ወደ ኋላ ተመለስን። በጣም ከፍቶኝ ነበር። ባለቤቴ ናት «ዘይቱ አሁንም ደብተሩ ላይ የለም» ያለችኝ።

ደብተሩ አሁን 1,150 ላይ ነው። ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ባለፈው ቅዳሜ እህል በረንዳ ሄደን ሰርገኛ ጤፍ ገዛን፤ ለእኛ ግማሽ ኩንታል ነው የደረሰን። የእኛን ድርሻ የከፈልነው ባለቤቴ መሥሪያ ቤት ከተከፈላት የትርፍ ሰዓት ነው። የመብራት መቁጠሪያውን አከራያችን ፈቅደዋል፣ ገና አላስገባንም። ስለ ትምህርት ቤቱ ሰፈራችን ያለውን ሄደን አይተናል። አልወሰንንም።

ናሆም ጫማ ተገዝቶለታል። ደሞዝ ሳይወጣ ነው የተገዛለት፣ በወሩ 17ኛ ቀን።

እትዬ፣ በርበሬ በዚህ ወር እናዘጋጅ ብላለች ባለቤቴ። 5 ኪሎ ዛላ ገዝተናል። እናቷ በሕይወት የሉም፣ የሚያሳያት ሰው የለም። እንዴት ታድርገው?

*

እትዬ ከኮልፌ
ጥር 15

እልል! ደስ አሰኘኸኝ ልጄ።

ስማ፣ ለእሷ አንብብላት። ዛላው ፀሐይ ላይ ይሰጣና ይቀነጠሳል። ፍሬውን ሁሉ አትጣይ፣ ይጠቅማል። ከዚያ ትንሽ ደቀቅ ይደረጋል። ለ5 ኪሎ 1 ኪሎ ነጭ ሽንኩርትና ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል ይበቃሻል። ትንሽ ቀይ ሽንኩርትና በሶብላ ጨምሪበት። አብረሽ ወቅጠሽ ደልዢው። ሸፍነሽ ሁለት ቀን አሳድሪው። ከዚያ እንደገና ፀሐይ ላይ፣ ጥሩ አድርጎ እስኪደርቅ። እርጥብ ከሆነ ይሻግታል፣ ልፋትሽ ሁሉ ያልቃል። ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ፣ ጨውም ጭምር ለየብቻ ሞቅ አድርገሽ ጨምሪና ወፍጮ ቤት ውሰጂው። ወፍጮው ነጭ ጤፍ ፈጭቶ እንደጨረሰ አታስፈጪ፣ ከበርበሬ ወይም ከሽሮ ቀጥሎ ይሁንልሽ።

ቅንጠሳው ላይ ናሆምንም አስቀምጡት፣ ልጆች ይወዱታል። እጁን ሳይታጠብ ግን ዓይኑን እንዳይነካ።