አንድሮይድ ቦክሱ ሪሴት ካደረግኩት ወዲህ ይበራል ይጠፋል፤ ነገ ፍልሰታ ነው፣ ድረሱልኝ

የገርጂዋ (ሐምሌ 30፣ ከምሽቱ 2፡10)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከተኛች ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አትችልም። ነገ ፍልሰታ ይገባል። ሰዓታቱንና የውዳሴ ማርያሙን ትርጓሜ ተኝታ በዩቲዩብ እንድትከታተል ብዬ፣ ወንድሜ ከዱባይ የላከውን አንድሮይድ ቦክስ ከሳሎን አንስቼ እሷ ክፍል ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ይንቀራፈፍ ስለነበር፣ «ሜሞሪ ሞልቷል» እያለም ስላስቸገረኝ ፋክተሪ ሪሴት አልኩት። አለቀ፣ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። አርማው ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ ሮቦት ብልጭ ይልና ጥቁር ይሆናል። ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» ይላል። ደግሞ አርማው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ነው። እናቴ «ተይው ልጄ፣ በልቤ እጸልያለሁ» ስትለኝ ጭራሽ ሆዴን አባባችው። የምታውቁ ባካችሁ ቶሎ።

ነቅለህ ሰካ (2፡14)
እህቴ፣ ከሶኬት ንቀይው፣ 30 ሰከንድ ጠብቂ፣ መልሰሽ ሰኪው። ዘጠና በመቶ ይሠራል።

የገርጂዋ (2፡16)
አሥር ጊዜ ነቅያለሁ ወንድሜ።

ዘ ደሴ (2፡25)
እህታችን፣ እማማን እግዚአብሔር ይማርልን። ግን ለሌሎችም ትምህርት እንዲሆን አንድ ነገር ልበል። ሜሞሪ ሞላ ተብሎ ሪሴት አይደረግም። መጀመሪያ ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን አፕ ካሽ፣ ማለትም አፑ ለጊዜው ያጠራቀመውን ፋይል፣ ማጽዳት ነው። ዩቲዩብ ብቻውን ብዙ ቦታ ይይዛል። የማትጠቀሙበትን አፕ አጥፉ። ሪሴት የመጨረሻው በር ነው፤ እሱም ቢሆን መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት። ክረምት ነው፣ ነጎድጓድ አለ፣ በየሰፈሩ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ቦክሱ ማኅደሩን እያጠፋ መሐል ላይ ኃይል ከተቋረጠበት ግማሹ የጠፋ ግማሹ ያልጠፋ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛም እነዚህ ስም የለሽ ቦክሶች አደጋ አላቸው። በፈረንጆቹ ሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ራሱ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባል ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ አንዳንዱ ቦክስ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ውስጡ አለበት፣ የቤታችሁን ኢንተርኔት ለሌባ ያከራያል። ስለዚህ የባንክ አፕ ያለበትን የጎግል አካውንት እዚያ ላይ አትክፈቱ።

የገርጂዋ (2፡28)
እሺ መምህር፣ አመሰግናለሁ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም። አሁን ግን እንዴት ላስነሳው?

ቨርጂኒያ ነኝ (2፡33)
እህቴ፣ ጥያቄሽ ላይ አንድ ስሕተት አለ። «ሪሴት ካደረግኩት ወዲህ ተበላሸ» ብለሻል። ሪሴት የሚያጠፋው የተጠቃሚውን ክፍል ብቻ ነው፤ ዋናውን ሲስተም አይነካውም፣ እንደ አዲስም አይጭነውም። ከመጀመሪያውም ይንቀራፈፍ ነበር ካልሽ የውስጥ ማኅደሩ አርጅቶ ነው። ከዓመታት መጻፍና ማጥፋት በኋላ ያልቃል። ሞቷል፣ አትድከሚ። የታወቀ፣ ጎግል የመሰከረለት ቦክስ ግዢ።

ጅዳ ላይ (2፡37)
ወንድሜ አንተ ቨርጂኒያ ሆነህ ግዢ ማለት ቀላል ነው። እሷ ዘንድ አሁን ሌሊት እየሆነ ነው፣ ሱቁስ የት ተከፍቶ? እታለም፣ የእኔም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ከኋላ ኤቪ የሚል ክብ ቀዳዳ አለው አይደል? ውስጡ የተደበቀች ቁልፍ አለች። በስቴኪኒ ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ግፊ፣ ጠቅ ስትል ትሰማሻለች። ኃይሉን ነቅለሽ፣ ቁልፏን ተጭነሽ እንደያዝሽ መልሰሽ ሰኪው። ጥቁር ገጽ ላይ ዝርዝር ሲመጣ ልቀቂ። እዚያ «ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን»፣ ቀጥሎ «ዋይፕ ዴታ»፣ መጨረሻ «ሪቡት ሲስተም ናው»። ሪሞቱ ላይሠራ ይችላል፣ የኮምፒውተር ኪቦርድ ዩኤስቢው ላይ ሰኪ። እና መርፌ እንዳትጠቀሚ፣ እንጨት ይሻላል።

ናቲ ጎንደር (2፡41)
እኛ ቤትም አንዱ እንዲህ ሲያደርግ አባቴ «ይሄ ነገር ቀላል አይደለም» ብሎ ጸበል ሊረጨው ተነሥቶ ነበር፣ እናቴ ናት እጁን የያዘችው። በመጨረሻ እኔ ከጎኑ የተሰካውን ሃርድ ዲስክ ስነቅለው ፀጥ ብሎ ተነሣ። ጸበሉን ግን ሁላችንም ጠጣን። እህቴ፣ ፍላሽም ሆነ ሌላ የተሰካ ነገር ካለ አውጪ።

ነቅለህ ሰካ (2፡42)
30 ሰከንድ ካልበቃው 5 ደቂቃ ነቅለሽ አቆይው። ውስጡ የቀረ ኃይል ስላለ ነው።

የገርጂዋ (2፡50)
ፍላሽ የለበትም። ስቴኪኒውን ሞክሬያለሁ፣ ቁልፏ ጠቅ ትላለች፤ ዝርዝሩ ግን ለዐይን ጥቅሻ ያህል መጥቶ ወዲያው ይጠፋል። ሳልመርጥ ያመልጠኛል። ልተወው መሰለኝ።

ሪሲቨር ሰሪ መርካቶ (2፡58)
እህት፣ አትተይው። ሱቅ ዘግቼ ገና ቤት መግባቴ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ሁላችንም ያልጠየቅንሽ አንድ ነገር አለ። ኃይል ከየት ነው የሚወስደው? ከሳሎን ስታመጪው የራሱን አዳፕተር አብረሽ አመጣሽ? ወይስ ሌላ ቻርጀር ነው?

የገርጂዋ (3፡03)
አዳፕተሩ ሳሎን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ገብቶ ስላልወጣልኝ ባለ ዩኤስቢ ገመድ ነበረኝ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካሁት። መብራቱ ሰማያዊ ነው፣ ኃይልማ እያገኘ ነው።

ሪሲቨር ሰሪ መርካቶ (3፡09)
ችግርሽ እዚያው ነው። ቦክሱን ገልብጠሽ ጽሑፉን አንብቢ፣ 5 ቮልት 2 አምፔር ይላል ብዬ እገምታለሁ። የድሮ ቴሌቪዥን ዩኤስቢ ደግሞ 0.5 አምፔር ነው፤ ፈጣን የሚባለው አዲሱ ዓይነትም 0.9 ነው። አርማውን ለማሳየት ትንሽ ኃይል ይበቃዋል፣ ለሰማያዊዋ መብራትማ ምንም አይደል። ሥራ ሲጀምር፣ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ሲነቃና ማኅደሩ ላይ መጻፍ ሲመጣ ግን ይጠማዋል፤ ቮልቱ ይወርዳል፣ ራሱን ያጠፋና ከመጀመሪያው ይነሣል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚጠፋው ለዚህ ነው። እኔ ጋ «ተቃጠለ» ተብለው ከሚመጡት ስንቶቹ የቻርጀር ችግር ብቻ ሆነው ይገኛሉ መሰለሽ።

ሌላው ያየሁት «አረንጓዴ ሮቦት ብልጭ ይላል» ያልሽውን ነው። ጥሩ ምልክት ነው። ቦክሱ ሪሴት ሲታዘዝ ትእዛዙን ጽፎ ያስቀምጠዋል፣ ማጥፋቱን እስኪጨርስ ድረስ ትእዛዙ አይፋቅም። አሁንም በተነሣ ቁጥር ያንን የተቋረጠ ሥራ ሊቀጥል እየሞከረ፣ አቅም እያጣ ነው የሚወድቀው። ቁም ሣጥኑን አስገፊና አዳፕተሩን አውጪ። የዋይፋይ ራውተርሽን አዳፕተር ግን እንዳትሰኪበት፤ ጫፉ ሊገጥም ይችላል፣ ብዙዎቹ ግን 12 ቮልት ናቸው፣ ያኔ በእውነት ይቃጠላል።

ቨርጂኒያ ነኝ (3፡12)
ወንድሜ፣ የኃይሉን ነገር አላሰብኩትም፣ ልክ ነህ። ግን ከሪሴቱ በፊት ይንቀራፈፍ የነበረው ሳሎን በራሱ አዳፕተር ነው። ማኅደሩ ደክሟል የሚለውን አልተውኩም።

ሪሲቨር ሰሪ መርካቶ (3፡15)
ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ አልክድህም። ዛሬ ማታ የሚያስፈልጋት ግን መነሣቱ ነው። አዳፕተሩ ተቀይሮ አሁንም ካልተነሣ ሲስተሙን እንደገና መጫን አለ። ለዚያ ታች ከጎማ እግሮቹ ሥር ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ማንበብ ይጠይቃል። ከውጭ አንድ የሚመስሉ ቦክሶች ውስጣቸው ያለው ዋና ቺፕ ይለያያል፤ አንዱ አምሎጂክ፣ አንዱ ሮክቺፕ፣ አንዱ ኦልዊነር ነው፣ የእያንዳንዱ አጫጫን የራሱ ነው። የማይመስለውን ከጫንሽበት ቢነሣ እንኳ ዋይፋዩ ወይ ሪሞቱ ይጠፋል። ያንን ለነገ እንተወው።

ጅዳ ላይ (3፡17)
እስከዚያው ለእማማ በስልክሽ ክፈቺላቸው የኔ እናት። ትራስ አጠገብ ወንበር ላይ ብርጭቆ አድርገሽ ስልኩን አስደግፊው። እኔ እዚህ አሠሪዎቼ ሲተኙ የምከታተለው እንደዚያ ነው።

የገርጂዋ (3፡34)
ባለቤቴን ቀስቅሼ ቁም ሣጥኑን ገፋን። አዳፕተሩ 5 ቮልት 2 አምፔር ይላል፣ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። ሰካሁት። አርማው መጣ፣ ሮቦቱ መጣ፣ ይሄው ሁለት ደቂቃ ሆነው አልጠፋም!! ሮቦቱ ሆዱ ተከፍቶ ውስጡ የሆነ ነገር ይሽከረከራል፣ ከሥሩ «ኢሬዚንግ» ይላል። ምን ማለት ነው? ልንቀለው?

ሪሲቨር ሰሪ መርካቶ (3፡35)
እንዳትነኪው!!! ያ የተቋረጠው ማጥፋት ነው፣ እየጨረሰ ነው። ሲጨርስ ራሱን አንዴ ያጠፋና ይነሣል፣ አትደንግጪ። ከዚያ የመጀመሪያው አነሣሥ ረጅም ነው፣ 10 ደቂቃም ሊቆይ ይችላል። 15 ሳይሞላ ተስፋ አትቁረጪ።

ናቲ ጎንደር (3፡36)
ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘናል እህቴ። አባቴን ቀስቅሼ ነግሬዋለሁ፣ «ብያችሁ ነበር» አለ።

ዘ ደሴ (3፡40)
ሲነሣ አንድ ነገር ልብ በይ። ከሪሴት በኋላ ቀኑና ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። ሰዓቱ የተሳሳተ ከሆነ ዋይፋዩ ተገናኝቶ እንኳ ዩቲዩብ «ግንኙነት የለም» ይላል። ሴቲንግ ገብተሽ ቀኑን አስተካክይ፣ ያኔ ይከፈታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሰናክሎ ቦክሱን ድጋሚ ሪሴት ያደርጋል። እባክሽ አንቺ እንዳታደርጊው።

የገርጂዋ (3፡44)
መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው። ስልኬ 9 በመቶ ነው። አሁንስ?

ሪሲቨር ሰሪ መርካቶ (3፡46)
አይዞሽ። ኢሬዚንግ ላይ እያለ ከጠፋ ትእዛዙ እንዳለ ነው፣ ኃይል ሲያገኝ ማጥፋቱን እንደገና ይጀምራል። አዳፕተሩን አሁኑኑ ከሶኬት ንቀይው። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አምፖሉ ጸንቶ 5 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሰኪው። እና ያንን የዩኤስቢ ገመድ ከቦክሱ አርቂው፣ በስሕተት ድጋሚ እንዳይሰካ። ስልክሽንም ለእማማ አስቀምጪው፣ እዚህ አትጨርሽው።

ነቅለህ ሰካ (3፡48)
አየሽ፣ መንቀል ነው ያልኩት።

ጅዳ ላይ (ነሐሴ 2፣ ከጠዋቱ 1፡20)
እታለም፣ እማማ እንዴት ሆኑ? መብራት መጣ? ቦክሱ ባይነሣም ስለ እሳቸው ብቻ ጻፊልን።

አዳማ ዳር (ነሐሴ 9፣ ከቀኑ 8፡05)
ሰላም፣ ያው የእሷው ዓይነት ችግር ገጥሞኝ ነው እዚህ የደረስኩት። እኔ ግን ከሳሎን አላንቀሳቀስኩትም፣ የራሱ አዳፕተር ነው፣ 5 ቮልት 2 አምፔር ተብሎ ተጽፎበታል። ሪሴት ካደረግኩ በኋላ አርማው ላይ ይመላለሳል። መርካቶው ወንድሜ፣ የእኔስ ምንድን ነው?

ሪሲቨር ሰሪ መርካቶ (8፡40)
የተጻፈው አዲስ እያለ የሚሰጠውን ነው። ውስጡ ካፓሲተር የሚባል ነገር አለ፣ በሙቀትና በዕድሜ ይነፋል፣ ያኔ ጽሑፉ 2 አምፔር እያለ ግማሹንም አይሰጥም። መልቲሜትር ያለው ጎረቤት ካለህ ቦክሱ ተሰክቶ እየሠራ እያለ ለካ። ባዶውን መለካት ዋጋ የለውም፣ ባዶውን ሁልጊዜ 5 ነው የሚያሳይህ።

አዳማ ዳር (ከምሽቱ 1፡15)
ጎረቤቴ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ አብረን ለካነው። ባዶውን 5.1። ቦክሱ ሲሰካ 4.6፣ አርማው አልፎ ሊነሣ ሲል 4.2 ወርዶ ጥፍት። በጆሮም ሲጠጉት አዳፕተሩ ሲስ ሲስ ይላል። በሱ ፈንታ የስልኬን ቻርጀር፣ 5 ቮልት 2 አምፔር የሚለውን፣ በእሷ ዓይነት የዩኤስቢ ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ሰጠሁት። በ7 ደቂቃ ቋንቋ ምረጥ የሚለው ገጽ መጣ። ዘ ደሴ እንዳሉትም ቀኑ 2015 ነበር፣ አስተካክዬው ዩቲዩብ ተከፍቷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሮጌውን አዳፕተር ላስቀምጠው?

ሪሲቨር ሰሪ መርካቶ (1፡22)
ኖሮ ያስቸግርሃል። ገመዱን በመቀስ ቆርጠህ ጣለው፤ እንዳለ ከጣልከው አንዱ አንሥቶ ይሰካዋል።