የግቢው ቃሪያ፦ ለጉባኤ የሚቀርበውን ዕቅድ እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ከብሎክ 9 ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ቃሪያና በርበሬ እንተክላለን። ከካዝና 18,000 ብር ይወጣል፤ ለዘር፣ ለፍግ፣ ለአጥር። ምርቱ ቅድሚያ ለአባላት፣ የተረፈው በር ላይ ይሸጣል። እስከ እሁድ ሐሳብ ስጡ። ከዚህ በፊት ተክለነው የከሸፈውን የሽንኩርቱን ነገር እንዳታነሱ።

ብሎክ 3፦ ሽንኩርቱ ሳይነሳማ አይሆንም። ብሩ የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኙ ቢሮ አለ። ና እይ ተብለህ አልመጣህም።

ብሎክ 5፣ ግራውንድ፦ ዘሩ ምንድነው? ማረቆ ፋና ከሆነ እሱ የበርበሬ ነው። ቀልቶ እስኪደርቅ ሙቀት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያቆረፍደዋል። በርበሬውን ትተን በአረንጓዴው ቃሪያ እንበቃ። የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣው መልካ አዋዜ የሚባል ዘርም አለ። ከገበያ ዛላ ፈልፍላችሁ ዘር ነው እንዳትሉኝ፣ ምን ከምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም።

ብሎክ 9፣ ምድር ላይ ያለሁት፦ ባዶ ቦታ ያላችሁት የልብስ ማስጫዬ ነው። ማን ጠየቀኝ?

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ ማስጫው ትንሽ ወደ ግንቡ ይጠጋል።

ብሎክ 9፣ ምድር፦ ግንቡ ጋ ጥላ ነው። ነጠላ በጥላ አይደርቅም።

ብሎክ 3፦ ለመሆኑ ገመዱን ማን ገዛው?

ብሎክ 9፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ ምሰሶውን ያስበየድኩት እኔ ነኝ። ማንም አምስት ሳንቲም አላዋጣም።

ብሎክ 12፦ ወገን፣ ስለ ቃሪያ ነበር እኮ።

የወጣቶች ተወካይ፦ ችግኙን እኛ እናፈላለን! ቅዳሜ አፈር ይመጣል።

ብሎክ 5፣ ግራውንድ፦ ቃሪያም ጥላ አይወድም። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። የምትጣሉት ለአንድ ፀሐይ ነው።

ብሎክ 9፣ ምድር፦ እና ልብሴን ፍግ አጠገብ ላስጣ? ስንት ዓመት የኖርኩበትን ግቢ!

ብሎክ 3፦ እትዬ፣ ግቢው የግልዎ አይደለም።

ብሎክ 9፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ አንተ መጀመሪያ የጥበቃውን ክፈል።

ብሎክ 3፦ የኔን የጥበቃ ክፍያ አንተ ማን ሆነህ ነው የምትቆጥረው? ሰው አታዋርድ!

ሊቀመንበር፦ በቃ! ከዚህ በኋላ የሚሳደብ ይወጣል።

ብሎክ 3፦ እሺ። እትዬ፣ ለእርስዎ አልነበረም፤ ይቅርታ።

ብሎክ 9፣ ምድር፦ ይቅር ለእግዜር። ማስጫው ግን አይነሳም።

ብሎክ 12፦ ወጣቶች፣ ቅዳሜ አለፈ። አፈሩስ?

ብሎክ 12፦ ወጣቶች?

ብሎክ 5፣ ግራውንድ፦ ተዋቸው። ውሃውን አስቡ ይልቅ። ሽንኩርቱን የጨረሰው የውሃ ጎማውን ከፍቶ የሄደ ሰው ነው፣ ስም አልጠራም። ቃሪያ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ሲጠወልግ የጠማው ይመስላችሁና ትጨምሩበታላችሁ፣ ያኔ አለቀለት። የኛ ጥቁር አፈር ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል። በጆንያና አፉ በተቆረጠ ጄሪካን እንትከል፤ ከሥሩ ይበሳ። በረንዳ ላይ ይሆናል፣ ማንም ቦታ አይለቅም። ዩሪያ አታብዙ፣ ቅጠል ብቻ ታጭዳላችሁ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ይሄ ያስማማል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጄሪካን ሁሉም ቤት አለ። አጥርም ቀረ። ታዲያ 18,000 ብር ለምን ይወጣል?

ብሎክ 9፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ ብር ከተረፈ፣ የማስጫው ምሰሶ ዝጓል።

ብሎክ 9፣ ምድር፦ ከላይም ቆርቆሮ ቢደረግበት፣ ለዝናብ።

ብሎክ 12፦ ቆርቆሮ ከለበሰ ፀሐዩ ከየት ይመጣል? ይህን ሁሉ የተጣላነው ለእሱ አልነበረም?

ብሎክ 9፣ ምድር፦ ግማሹን ብቻ ነው ያልኩት።

ብሎክ 3፦ ቆርቆሮ ካለ እደግፋለሁ። ሞተሬን ከሥሩ አቆማለሁ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ረቂቅ። ከብሎክ 9 ጀርባ አዲስ የብረት ማስጫ፣ ግማሹ ቆርቆሮ የለበሰ፣ 14,000 ብር። ቀሪው 4,000 ለዘርና ለፍግ። ቃሪያ የፈለገ በየበረንዳው ይተክላል። ችግኝ የሚያፈላ ይፈለጋል።

ብሎክ 5፣ ግራውንድ፦ ችግኝ ለመተከል እስኪደርስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። የሚያፈላው ሰው ዛሬ ይታወቅ።

ብሎክ 12፦ ለሞተር ማቆሚያው ክፍያ አለ ወይስ በነፃ ነው?