ሴንት ማይክልስ ማውንት፦ መሻገሪያው ውኃ ውስጥ ነው፤ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ አስቸኳይ ነው። ከእናቴ ጋር በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል፣ ከሴንት ማይክልስ ማውንት ደሴት ፊት ለፊት፣ ማራዛየን ባሕር ዳርቻ ቆመን ነው የምጽፈው። የባሕሩን መሙላትና መጉደል የሚነግረው ሰንጠረዥ ባሕሩ እኩለ ቀን ላይ እጅግ እንደሚጎድል ስለሚያሳይ፣ ወደ ደሴቱ የሚወስደው የድንጋይ መንገድ ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ ማለትም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይገለጣል ብለን ነበር። አሁን አራት ሰዓት ከሃያ ነው፤ መንገዱ ግን ከጥቂት እርምጃ በኋላ ይሰጥማል። በነፋሱ ምክንያት ጀልባዎቹ ቆመዋል፤ ትኬታችን የአራት ሰዓት ተኩል ነው። ጫማ አውልቀን እንሻገር?

መምህሩ፦ አስቀድሞ የቦታውን ምንነት ማወቅ ይገባል። በደሴቱ ላይ ያለው ግንብ መነሻው በፈረንሳይ አገር ላለው የሞን ሳን ሚሼል ገዳም ይገዛ የነበረ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሴንት ኦቢን ቤተሰብ እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ቢሰጥም፣ ቤተሰቡ በ999 ዓመት የኪራይ ውል እዚያው የመኖር መብቱን አስጠብቋል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር፤ ነገር ግን ውኃው አሁንም ከፊታችን ነው።

እመ ብርሃኑ፦ በፍጹም እንዳትሻገሩ። ድንጋዩ በባሕር አረም ስለሚሸፈን ያንሸራትታል፤ ጉልበት የማይደርስ ውኃም ቢሆን እናትዎን ሊጥል ይችላል። ሰንጠረዡን ደግመው ይመልከቱ።

አባ ቀልዱ፦ ቅዱስ ሚካኤል እስራኤልን ባሕር ያሻገረ መልአክ ቢሆንም፣ በትኬት ሰዓት እንዲያሻግር አይገደድም። ለማንኛውም ከሰንጠረዡ ግርጌ «ጂ.ኤም.ቲ.» (የግሪንዊች መደበኛ ሰዓት) የሚል ካለ፣ እንግሊዞች በራሳቸው በጋ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያስኬዱ፣ እዚያ እኩለ ቀን የተባለው በእጅዎ ሰዓት ሰባት ሰዓት ነው። እንግዲህ በራስዎ ስሌት እንኳ መንገዱ የሚገለጠው ወደ አምስት ሰዓት ነው።

ወንድወሰን፦ ሰንጠረዡን ደግመው ይመልከቱ፤ መፍትሔው እሱ ነው።

ተሟጋቹ፦ እኔ ግን «ሁለት ሰዓት ቀድሞ» የሚለውን መነሻ አልቀበልም። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በምትሆንበት ሰሞን ባሕሩ በጣም ስለሚሸሽ መንገዱ ለረጅም ጊዜ ይገለጣል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን ጊዜው ያጥራል። ጀልባ ያስቆመው ነፋስ ወደ ዳርቻው የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ውኃውን ገፍቶ ያቆየዋል። ስለዚህ ከተራ ሰንጠረዥ ይልቅ ደሴቱ ራሱ የሚያወጣውን የመሻገሪያ ሰዓት ይከተሉ፤ ለትኬት ክፍሉም ደውለው መዘግየታችሁን ያሳውቁ።

እመ ብርሃኑ፦ ትኬቱ የአትክልት ስፍራውንም ይጨምራል? ግንቡ ክፍት ሆኖ አትክልቱ የማይከፈትበት ቀን አለ። ወደ ግንቡ የሚያወጣው ኮረብታ ቀጥ ያለና ድንጋዩ የሚያደናቅፍ ስለሆነ ለእናትዎ ይከብዳል፤ የአትክልቱ እርከኖችም ቢሆኑ ከዚያ አይሻሉም። አትክልቱ ዝግ ከሆነም አይዘኑ፤ ግንቡ ሰገነት ላይ ቆመው ቁልቁል ቢያዩ፣ ከአለቱ ሥር እሬቱና ቃጫው በየእርከኑ ተደርድሮ ይታያል። አለቱ ቀን የሳበውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስላቸው በእንግሊዝ አገር ብርድ እንኳ አይሞቱም።

አባ ቀልዱ፦ የመመለሻውንም ነገር አትርሱ። ጀልባ ከሌለ፣ ውኃው መንገዱን ዳግመኛ ሳይሸፍነው መውጣት የግድ ነው፤ በዚሁ ስሌት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ማለት ነው።

ተሟጋቹ፦ ስምንት ሰዓት በሉት። ነፋሱ አለ ብያለሁ እኮ።