ጅዳ አል በለድ፦ እናቴን ይዤ በአንድ ቀን የት የት ልሂድ?

የድሬ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። የምሠራው ሪያድ ነው። እናቴ በጥር ለዑምራ ከድሬዳዋ ትመጣለች፣ ስትመለስ ጅዳ ላይ አንድ ቀን አለን። ሞል ለሞል ላዞራት አልፈልግም፣ አሮጌው ከተማ አል በለድ ያሉትን እነዚያን ትልልቅ የእንጨት መስኮት ያላቸው የድሮ ቤቶች እንድታይልኝ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ከየት እንጀምር? ስንት ሰዓትስ ይሻላል?

ኡሙ ሀያት፦
በሰላም ያምጣልሽ እህቴ። ከአስር ሰዓት በፊት እንዳትወጡ። እኔ እናቴን በቀትር ወስጄ ሁለት ቤት ሳናይ ደክሟት ተመለስን፣ እስካሁን ይቆጨኛል። በድሮው የከተማ በር በባብ መካ ግቡና በገበያው መንገድ በሱቅ አል አለዊ ቀጥ በሉ። ሐጃጆች ከወደቡ ወደ መካ ሲሄዱ የሚያልፉበት መንገድ ነበር። መግሪብን ሻፊዒ መስጂድ ስገዱ፣ ሚናራው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው። እድሳት ላይ ያሉ ቤቶች ስላሉ አንዳንድ መንገድ ታጥሮ ታገኛላችሁ። መሬቱም ወጣ ገባ ስለሆነ ጠፍጣፋ ጫማ ታድርግ።

ግንበኛው፦
እኔ ደግሞ ግድግዳውን እዩ እላለሁ። ልስኑ የረገፈበት ቦታ ጠጋ ብለሽ በእጅሽ ንኪው። ድንጋዩ ከቀይ ባሕር የወጣ ኮራል ነው፣ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን ፎቅ አይሸከምም፣ ስለዚህ በየድንጋዩ ረድፍ መሃል እንጨት አጋድመው አስረውታል። ከመንገድ ሆነሽ ስታዪው እንደ መቀነት ዙሪያውን ይታያል። ወደ ውጭ የወጣው መስኮት ሮሻን ይባላል። ነፋስ ያስገባል፣ ውስጥ ያለ ሰው ሳይታይ መንገዱን ያያል። እኔ በሥራዬ ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ ሙቀትን እንዲህ ያሰበበት ግን አላጋጠመኝም። ዩኔስኮም ሰፈሩን በ2014 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ኡሙ ሀያት፦
የነሲፍን ቤት፣ በይት ነሲፍን ረስቼው! እዚያው መንገድ ላይ ነው። የሳዑዲ መሥራች ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ጅዳ ሲገቡ ያረፉት እዚያ ነው። ደረጃው ግመል ጭነቱን ይዞ እንዲወጣ ተብሎ ሰፊና ዝግ ያለ ሆኖ ነው የተሠራው ይባላል። እናትሽ ውስጥ መግባት ባትችል እንኳ ደጁ ላይ ያለውን ትልቅ የኒም ዛፍ ታያለች። ድሮ በከተማው ውስጥ ያ ዛፍ ብቻ ስለነበረ ቤቱን "ዛፍ ያለበት ቤት" ይሉት ነበር።

የድሬ ልጅ፦
ኒም ነው ያልሽው? እናቴ እኮ ድሬ ቡናዋን የምታፈላው ኒም ሥር ነው። በቃ ከዚያ ነው የምጀምረው። ጀዛኩሙላህ፣ ሁለታችሁንም።