ራስፕቤሪ ፓይን ከድሮ አምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት፦ ስልኬ አያገኘውም፣ ዲስኩም ይጠፋል

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ የአባቴ የድሮ አምፕሊፋየር አለ፣ ከሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ጋር። ዛሬም ድምፁ ጉድ ነው። ሙዚቃው በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ከሲዲና ከካሴት የተገለበጠ፣ ገሚሱ ኤምፒስሪ፣ ገሚሱ ፍላክ። እስካሁን በብሉቱዝ ነበር የምንሰማው። ስልክ በተደወለ ቁጥር ዘፈኑ ይቋረጣል። ባለ ስልኩ ወደ ጓሮ ከወጣማ አለቀ።

አሁን ራስፕቤሪ ፓይ 4 የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ቮሉሚዮ የሚባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ ሶፍትዌር ጭኜ ዲስኩን ሰካሁበት። የምፈልገው የቤቱ ሰው ሁሉ ከየስልኩ ዘፈን እንዲመርጥ ነው። ግን፦

ስልኬ ላይ «ቮሉሚዮ ነጥብ ሎካል» ብዬ ስጽፍ ገጹ አይከፈትም። በላፕቶፕ፣ ዋናው ራውተር አጠገብ ሆኜ ስሞክር ይከፈታል። ፓይው ከዋናው ራውተር ጋር በገመድ ተያይዟል። ዋይፋዩ ሌሎቹ ክፍሎች ስለማይደርስ ሁለተኛ ራውተር አለን።

ዲስኩ ደግሞ ጠቅ ጠቅ ይልና ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። ፓይውን የማበራው በስልክ ቻርጀር ነው።

ከፓይው የኢርፎን ቀዳዳ ወደ አምፑ «ቴፕ» መግቢያ በቀይና ነጭ ገመድ ሳገናኘው ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከኋላውም ሽሽ ይላል።

እናቴ የምትጠይቀኝ ደግሞ ሌላ ነው፦ ሙዚቃ በሰማን ቁጥር ፓኬጁን ይበላል ወይ?

ገመድ ዘርጊው

ሰላም እህቴ። ቁልፉ ያለው «ሁለተኛ ራውተር» ያልሽው ላይ ነው። ያ ራውተር በራሱ የአይፒ ቁጥር (የየዕቃውን የኔትወርክ አድራሻ) የሚያድል ከሆነ ቤታችሁ ውስጥ ያለው አንድ ሳይሆን ሁለት ኔትወርክ ነው። ለማረጋገጥ ስልክሽ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ቁጥሩን እዪ። ላፕቶፑ ለምሳሌ 192.168.1 ብሎ ሲጀምር ስልኩ 192.168.0 ካለ፣ ጉዳዩ እሱ ነው። «ሎካል» የሚለው ስም ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው አይሻገርም።

አሁኑኑ ለመሞከር ዋናው ራውተር ገጽ ላይ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ክፈቺና የፓይውን ቁጥር ያዢ። ከዚያ በስሙ ፈንታ ቁጥሩን ስልክሽ ላይ ጻፊ። በዚህ መንገድ ሊከፈትልሽ ይችላል። ስሙን ጭራሽ የማያውቁ የአንድሮይድ ስልኮችም ስላሉ ቁጥሩን መያዙ አይከፋም።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ሁለተኛውን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» ማድረግ ነው፤ ማለትም የራሱን ኔትወርክ ትቶ የዋናውን ዋይፋይ ብቻ እንዲያዳርስ። ሴቲንጉ ውስጥ ይህ ምርጫ ካለ በአንድ ክሊክ ያልቃል። ከሌለ የራውተሩን አድራሻ ከዋናው ጋር ወደማይጋጭ ቁጥር ቀይሪው፣ ለምሳሌ 192.168.1.2። ቀጥሎ ቁጥር የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አጥፊ። ከዚያ ከዋናው የሚመጣውን ገመድ «ዋን» ከሚለው ቀዳዳ ነቅለሽ «ላን» ላይ ሰኪው። በመጨረሻም ዋናው ራውተር ላይ ለፓይው ቋሚ ቁጥር ያዢለት፤ አለበለዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል።

ለእናትሽ፦ አይበላም። ዘፈኑ ከዲስኩ ወደ አምፑ ነው የሚሄደው፤ ከስልክሽ የሚሄደው ትእዛዙ ብቻ ነው። የቴሌው መስመር ቢቋረጥ እንኳ ራውተሩ እስከበራ ድረስ ይሠራል። ፓኬጅ የሚነካው የኢንተርኔት ሬዲዮ ወይም እንደ ስፖቲፋይ ያለ ነገር ስትከፍቺ ነው። የአልበም ሽፋን ፎቶም ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ እሱ ግን ኢምንት ነው።

ቴፕ ጠጋኙ

ልጄ፣ ዲስኩን አትጣይው፤ የጎደለው ኃይል ነው። ፓይ 4 የሚፈልገው 5.1 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ነው። የስልክ ቻርጀር፣ በተለይ ከቀጭን ገመድ ጋር፣ ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ቮልቱ ይወርድበታል። ያ ጠቅ የሚለው ድምፅ ዲስኩ ተነስቶ መልሶ ሲወድቅ ነው። የዲስኩን ጭንቅላት ይጎዳልና እስክታስተካክይው ድረስ ንቀይው።

ሌላም አለ። የፓይ 4 የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አራቱም ተደምረው የሚሰጡት 1.2 አምፔር ብቻ ነው። ደህና ቻርጀር ገዝተሽም ዲስኩ ከጠፋ፣ የራሱ ቻርጀር ያለው ዩኤስቢ ሃብ ግዢና ዲስኩን በእሱ በኩል አገናኚው። ኤስኤስዲ ብትገዢ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ይቀለዋል።

አምፑ ላይ «ቴፕ» መጠቀምሽ ልክ ነው። «ቲዩነር»ም «ኦክስ»ም ቢሆን ያው ነው። «ሬክ» የሚለው ግን መውጫ ነው፤ እዚያ ላይ ብትሰኪ ምንም አትሰሚም። «ፎኖ» የሚለውን ደግሞ አደራ እንዳትነኪው። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ጥቂት ሚሊቮልት ተቀብሎ በጣም ያጎላል፣ ባሱንም ከፍ ያደርጋል። ፓይው እዚያ ከገባ ድምፁ ይሰነጣጠቃል።

ቅጥነቱና ሽሽታው ከአምፑ አይደለም። የፓይው የኢርፎን ቀዳዳ ርካሽ አሠራር ነው፤ ለሙከራ እንጂ ለእንዲህ ያለ ስፒከር አይሆንም። ትንሽ ዩኤስቢ ዳክ (ዲጂታሉን ሙዚቃ ለአምፑ ወደሚሆን ድምፅ የሚቀይር ዕቃ) ግዢ። ከዚያ ቮሉሚዮ ውስጥ «ፕሌይባክ ኦፕሽንስ» ገብተሽ መውጫውን ወደ እሱ ቀይሪ። እዚያው «ሚክሰር» የሚለውን «ነን» (None፣ ምንም) ካደረግሽው ድምፅ የምትቆጣጠሪው በአምፑ ብቻ ይሆናል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ታዲያ ከመክፈትሽ በፊት የአምፑን ቁልፍ እስከ ታች አውርጂው። ፓይው ያኔ በሙሉ ኃይሉ ነው የሚለቀው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? እኔ ዊም የሚባለውን ትንሽ ማጫወቻ ገዝቼ በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስመጪ።

ገመድ ዘርጊው

ወንድሜ፣ ዊም ሚኒና ዊም ፕሮ ዲስክ የሚሰካበት ቦታ የላቸውም። ሙዚቃው ያለው ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ግሩም ዕቃ ናቸው። እሷ ጋ ግን ሙዚቃው ዲስክ ላይ ነው፤ ዘፈኑን የሚያቀብል ሌላ ኮምፒውተር ሁልጊዜ መብራት አለበት። ዲስክ የሚቀበሉት እንደ ዊም አልትራ ያሉት ናቸው፣ ዋጋቸው ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ፓይው እጇ ላይ እያለ ምን በወጣት!

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሩን ስጽፍ ወዲያው ተከፈተ! ሁለተኛውንም ራውተር አክሰስ ፖይንት አድርጌዋለሁ፤ አሁን ከየክፍሉ ይገባል። ጋሼ፣ ባለ 3 አምፔር ቻርጀር ስገዛ ዲስኩ ጸጥ አለ። ዳኩን ከተማ እያፈላለግኩ ነው።

አሁን ያስቸገረኝ ዝርዝሩ ነው። ጥላሁን አንድ ቦታ «ገሠሠ»፣ ሌላ ቦታ «ገሰሰ»፣ ሌላ ቦታ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ እንደ ሦስት ዘፋኝ ተቀምጧል። ከካሴት የተገለበጡት ደግሞ «ትራክ 01፣ ትራክ 02» እያሉ ሁሉም አንድ ላይ ተከምረዋል።

ሸክላ ወዳዷ

የእኔ እህት፣ የሁላችንም ችግር ነው። ቮሉሚዮ ዘፋኞችን ሲዘረዝር የሚያየው የፎልደሩን ስም ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን ታግ (የዘፋኝ፣ የአልበምና የዘፈን ስም) ነው። ለእሱ «ሠ» እና «ሰ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ «ኃይሉ»ና «ሃይሉ»ም እንደዚያው። ላፕቶፕሽ ላይ ኤምፒስሪ ታግ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚ፤ ለዊንዶውስ ነጻ ነው፣ ፍላክንም ይቀበላል። የአንድ ዘፋኝ ፋይሎችን በሙሉ መርጠሽ «አርቲስት» የሚለው ላይ አንድ አጻጻፍ ትሰጫለሽ፣ ሴቭ ታደርጊያለሽ። የቱንም አጻጻፍ ምረጪ፣ ግን አትቀያይሪ።

ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚፈልግ ሰው ካለ በአማርኛ የጻፍሽውን አያገኘውም። እኔ አርቲስቱን በአማርኛ፣ «አልበም አርቲስት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጌ ነው የተገላገልኩት። ንጹሕ አሠራር ባይሆንም ይሠራል።

የካሴቶቹን በጅምላ አትሞክሪው። ፎልደሮቹ በዘፋኝ ከተለዩ ፕሮግራሙ የፎልደሩን ስም ወደ ታጉ ይገለብጥልሻል። ካልተለዩ ግን እያዳመጡ መለየት ነው፤ አባትሽ አብረውሽ ቢቀመጡ ይፈጥናል።

ቴፕ ጠጋኙ

ታግ መቀየር ከመጀመርሽ በፊት የዲስኩን ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ዲስኩንም ከፓይው ላይ ዝም ብለሽ አትንቀይ፤ መጀመሪያ ከቮሉሚዮ ሜኑ «ሻትዳውን» በይው። መብራት በድንገት ሲሄድ ሚሞሪ ካርዱም ሊበላሽ ይችላልና ለራውተሩና ለፓይው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ብታደርጊ አይቆጭሽም። ስፒከሮቹ እም የሚል ድምፅ ካሰሙ ደግሞ ከአምፑ ጋር በገመድ የተያያዘ ቴሌቪዥን ወይም ዲሽ ካለ ነቅለሽ ሞክሪ።

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)

እሺ ጋሼ። ጥቂት ፎልደር አስተካክዬ ዲስኩን መልሼ ብሰካውም ቮሉሚዮ የድሮውን ስም ነው የሚያሳየኝ።

ሸክላ ወዳዷ

ሴቲንግ ውስጥ «ሶርስስ» (በድሮው ቮሉሚዮ «ማይ ሚዩዚክ») የሚለው ጋ «አፕዴት»ና «ሪስካን» የሚሉ አሉ። «ሪስካን» የሚለውን ተጫኚ፤ ሁሉንም እንደ አዲስ ያነበዋል። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ማታ ልትተኚ ስትይ አስጀምሪው።