የዳርክ ሳይድ ሰራውንድ ዲስክ አገኘሁ፣ ግን ከኋላ የተለየ ነገር አልሰማም

ማርቆስ_ሰፈር፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ይዞልኝ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ለሠላሳኛ ዓመቱ በ5.1 ሰራውንድ የወጣው ነው፣ ማለትም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ዉፈር ተለያይቶ ዙሪያህን እንዲሰማ የተሠራ። ይህን አልበም ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ኖሬአለሁ፣ ስለዚህ ለሱ ብዬ ያገለገለ ሆም ቲያትር ገዛሁ። ዲቪዲው አብሮት ያለ፣ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ዉፈር። ቅዳሜ ማታ መብራት እስኪረጋ ጠብቄ ከፈትኩት። «ታይም» ላይ ሰዓቶቹ ሲደውሉ ዙሪያዬን ይከቡኛል ብዬ ነበር። ምንም የለም። ድምፁ በሁሉም ስፒከር ይወጣል፣ ግን ሁሉም ያው አንድ ነው፣ እንዲያውም ከጆሮ ማዳመጫዬ የባሰ ድፍን ብሏል። ማሽኑ ነው የተበላሸው? ወይስ ሰራውንድ ሪሚክስ የሚባለው፣ የድሮ ቅጂን ለብዙ ስፒከር እንደገና ማቀናበር፣ ወሬው ይበልጣል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ዓባይ_ዳር፦
ወንድሜ ማሽንህ ደህና ነው፣ አትሽጠው። የዲስኩን ሽፋን እስቲ እየው፣ «ኤስኤሲዲ» የሚል ምልክት አለበት። ይህ ዓይነቱ ዲስክ ሁለት ንብርብር ነው። አንዱ ተራ ሲዲ ነው፣ ስቴሪዮ ብቻ የያዘ። ሰራውንዱ ያለው በሌላው ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ አያነበውም። የሲዲውን ያነብና ዝም ይላል፣ ስህተት እንኳ አይነግርህም። ከዚያ ሆም ቲያትርህ ያንን የግራና የቀኝ ድምፅ ገልብጦ በአምስቱም ያወጣዋል። ድፍን ያለብህ ለዚህ ነው። የፊልም ዲቪዲ አስገባና ሞክር፣ ማሽኑ ላይ «ዶልቢ ዲጂታል» ብሎ ከጻፈ ሰራውንዱ ይሠራል ማለት ነው።
ለአንተ የሚሆንህ በ2011 የወጣው ትልቁ ሣጥን ውስጥ ያለው ዲቪዲ ነው። በሱ ላይ የድምፅ መሐንዲሱ ጄምስ ጋትሪ የሠራው የ2003ቱ 5.1ም አለ፣ አልበሙን የቀዳው መሐንዲስ አለን ፓርሰንስ በ1973 የሠራው የአራት ስፒከር ኳድም አለ። ደግሞ አንድ ጥያቄ፣ ስፒከሮቹን የት ነው ያስቀመጥካቸው?

ማርቆስ_ሰፈር፦
ምልክቱ አለበት! አመሰግናለሁ እህቴ። ስፒከሮቹ ቡፌው ላይ ናቸው፣ ቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ አምስቱም ተደርድረው። ገመዱ አጭር ነው፣ እናቴም ሳሎኑን ሽቦ በሽቦ አታድርገው ብላኛለች።

ዓባይ_ዳር፦
ታዲያ ከኋላ ምን ሊመጣልህ ነው? «ሰራውንድ» የተጻፈባቸውን ሁለቱን አንሣና ከምትቀመጥበት ሶፋ ግራና ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጋቸው። ከጆሮህ ከፍ ቢሉ ጥሩ ነው። ገመድ በሜትር ይሸጣል፣ ቀጭኑ የመብራት ገመድም ይሠራል። ቀይና ጥቁሩን ብቻ እንዳታምታታ፣ አንዱ ከተገለበጠ ድምፁ መሃል ላይ ባዶ ይሆናል። ሶፋውንም ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ሳበው። በምንጣፉ ሥር አሳልፈህ ካሳየሃት እናትህም አይቆጡም።

የዲማ_ልጅ፦
«ወሬው ይበልጣል ወይ» ላልከው እኔ ልመልስ። ያደግኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ማኅሌት ቆመህ ታውቃለህ? ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባለው ማዕረግ ለከንቱ አይደለም። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከበሮው በመሃል ይሄዳል፣ ጸናጽሉ በሁለቱም በኩል። መሃል ላይ ቆመህ ስትሰማ ዜማው ይሻገርብሃል። ያንኑ ሌሊት በስልክ ቀድተህ ብትሰማው ሁሉም አንድ ላይ ይጨፈለቃል። ጥሩ ሰራውንድ ሚክስ ለኔ ያንን መሻገር የሚመልስ ነው።
ፒንክ ፍሎይዶች ደግሞ ይህን ገና ከጅምሩ ያስቡት ነበር። በግንቦት 1967 ለንደን ኩዊን ኤልዛቤት ሆል ሲጫወቱ ስፒከሮቹን በአዳራሹ ዙሪያ አድርገው «አዚሙዝ ኮኦርዲኔተር» በሚባል ባለ ዘንግ መሣሪያ ድምፁን ያዞሩት ነበር። ዘንጉን የያዘው ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይት ነው። የ«ታይም» ሰዓቶችም ቢሆኑ ፓርሰንስ አሮጌ ሰዓት የሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ እያንዳንዱን ለብቻው የቀዳቸው ለኳድ ሙከራ ብሎ ነው። ስለዚህ ከኋላህ ሲደውሉ ብትሰማ ሐሳቡ መጀመሪያም እዚያ ነበር።

ግሽ_ዓባይ፦
ለፒንክ ፍሎይድ እስማማለሁ፣ ለሁሉም ግን አይደለም። የቢትልስን «ሳርጀንት ፔፐር» ውሰዱ። በ1967 ልጆቹ ራሳቸው ቁጭ ብለው የተከታተሉት የሞኖውን (ሁሉም ድምፅ ባንድ ላይ የሚወጣበትን) ሚክስ ነው፣ ስቴሪዮው እነሱ በሌሉበት በጥድፊያ ተሠራ። ታዲያ በ2017 የፕሮዲዩሰራቸው የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጋይልስ ማርቲን 5.1 ሲሠራው ያ አዲስ ሥራ ነው፣ የድሮው መልስ አይደለም። ሥራው ግን ጥሩ ነው፣ ይህን አልክድም። በአራት ትራክ ቴፕ፣ ማለት አራት ድምፅ ብቻ ለየብቻ በሚይዝ፣ ስለነበር የሚቀዱት፣ ቴፑ ሲሞላ አራቱን ጨምቀው ወደ ሌላ ቴፕ ይገለብጡ ነበር። እሱ ግን ሳይጨመቅ የቆየውን የመጀመሪያውን ቴፕ እያወጣ እንደገና አያያዘው፣ ከበሮውና ባሱ የጠሩትም ለዚህ ነው።
የማልወደው፣ ቦታ ስላለ ብቻ ጊታሩን ወደ ኋላ የሚወረውሩትን ነው። ዘፋኙ ፊት ለፊቴ ሆኖ ጊታሩ ከጓዳ በር ሲመጣ ሙዚቃው ይበታተንብኛል። የኛንም የድሮ ዘፈኖች በሰራውንድ ይሥሯቸው የምትሉ ሁልጊዜ አያለሁ። እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የተቀዳበት ቴፕ ከሌለ በምን ይለያል? አሁን በኮምፒውተር መለየት ተጀምሯል፣ የ2022ቱ የቢትልስ «ሪቮልቨር» በዚያ ነው የተሠራው፣ ግን ያም ጥሩ ዋናውን ቴፕ ይፈልጋል።

ማርቆስ_ሰፈር፦
ቤተሰብ፣ ተመልሼ መጣሁ። ዓባይ_ዳር ዲቪዲውን ከባሕር ዳር በአውቶብስ ላከችልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስድስት ሜትር ገመድ ገዛሁ፣ ሁለቱን ስፒከር የልብስ ሣጥንና የእህል ማዳበሪያ ላይ አቆምኳቸው። መጀመሪያ «ኦን ዘ ራን» ላይ ነው የደነገጥኩት። የሰው ኮቴ ከበሩ በኩል ተነሥቶ በጀርባዬ ዞረ፣ ዘወር ብዬ አየሁ። ሰዓቶቹ ሲደውሉ እናቴ ከማጀት «የማን ሰዓት ነው?» ብላ ወጣች። አስቀመጥኳትና እንደገና ከፈትኩላት፣ እስከ መጨረሻው አብራኝ ሰማች። ኳዱንም ሰማሁት፣ ከ5.1ዱ ይልቅ ድፍረት አለው፣ ድምፁ ማዕዘን ላይ ጥርት ብሎ ይቆማል፣ እኔ እሱን ወድጄዋለሁ። አሁን የሄንድሪክስን «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ» እፈልጋለሁ፣ የ2018ቱን፣ የድምፅ መሐንዲሱ ኤዲ ክሬመር በሰራውንድ የሠራውን። ማን አለው?

ዓባይ_ዳር፦
እሱ ብሉሬይ ነው ወንድሜ፣ ያንተ ማሽን አያነበውም። የዶርስ ባንድን የ2006ቱን ሣጥን ፈልግ፣ ዲስኮቹ በተራ ዲቪዲም ይሠራሉ።