ከጎህ በፊት በምሥራቅ የሚቆመው ብርሃን

የዘጌ መምህር፦
ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ግድም ወደ ሐይቁ ወርጄ ወደ ምሥራቅ ስመለከት ከውኃው ጫፍ ወደ ላይ ሾጠጥ ብሎ የቆመ ነጣ ያለ ብርሃን አያለሁ። ፍኖተ ሐሊብ አይደለም፣ እሱን ለይቼ አውቀዋለሁ። የባሕር ዳር መብራትም አይደለም፤ ከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። የዞዲያክ ብርሃን እንደሚባል አነበብሁ። ይኸው ብርሃን ለጠፈር ቴሌስኮፖችም እንቅፋት ነው ይላሉ። ከአየር በላይ ከወጡ በኋላ እንዴት? ተማሪዎቼ አጥብቀው ይዘውኛል።

ሰማይ ጠባቂ፦
መምህር፣ ብርሃኑ ከአየር የሚመጣ ስላልሆነ ከአየር መውጣት አያስጥልም። ምንጩ በፕላኔቶች መካከል የተበተነ ደቃቅ አቧራ ነው፤ ጅራታም ኮከቦች ያራገፉት፣ አስትሮይዶች የሚባሉት ፀሐይን የሚዞሩ ዐለቶች ሲጋጩ የደቀቀው። የጠፈር ቴሌስኮፑ ጄምስ ዌብ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆም አሁንም እዚያው አቧራ ውስጥ ነው። እርስዎ የሚያዩት አቧራው የሚበትነውን የፀሐይ ብርሃን ነው። ዓይን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ3.5 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ ሲሆን ግን አቧራው በፀሐይ ሞቆ ራሱ ያበራል፤ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ባለው ክልልማ ሰማዩን ይሞላዋል። ቴሌስኮፑ ራሱ በሙቀቱ እንዳያበራ ማቀዝቀዝ ይቻላል፣ አቧራውን ግን አይቻልም።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ፈጅር ካዚብ (ሐሰተኛው ጎህ) የሚባለው ይኸው ነው የሚሉ አሉ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል። የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሒ፣ የሚሰገደው ግን በአድማሱ ላይ ወደ ጎን የሚሰፋው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጾሙም የሚያዘው በዚያ ነው።

የዘጌ መምህር፦
ይህን አላውቅም ነበር፣ ተባረክ። ታዲያ አቧራው እንዲህ ከሸፈነው የሩቅ ጋላክሲዎችን ብርሃን እንዴት ለዩት?

ሰማይ ጠባቂ፦
በጣም የምወደው ክፍል ይኼ ነው። በ1989 (በፈረንጆች) የመጠቀችው ኮቤ ሳተላይት ሰማዩን ከ1.25 እስከ 240 ማይክሮሜትር በ10 የሞገድ ክልሎች ለካች። ምድር ፀሐይን ስትዞር በአቧራው ውስጥ ቦታዋ ይቀያየራል፤ ስለዚህ ያው የሰማይ ክፍል ከወር ወር ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። የሩቁ ብርሃን ግን አይለወጥም። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ለውጥ ተነሥተው የአቧራውን ቅርጽ አሰሉና ቀነሱት። የራሳችንን ጋላክሲ አቧራም ቀንሰው፣ በ1998 በ140 እና በ240 ማይክሮሜትር የቀረው የጋላክሲዎች ድምር ብርሃን መሆኑን አስታወቁ። በ25 ማይክሮሜትር አካባቢ ግን በፕላኔቶች መካከል ያለው አቧራ አሸነፋቸው፤ የጋላክሲዎቹ ብርሃን ከዚህ አይበልጥም ከማለት አላለፉም።

ተማሪዎቹን ይዘው ሲወርዱ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ይምረጡ። ወደ ምድር ወገብ ስለቀረብን ብርሃኑ ለእኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው ወራት ተጋድሞ አድማስ ላይ ይጠፋባቸዋል።